ንግሥተ ዓዜብ ከሥዕል ወደ ሲኒማ

በሕፃንነት የተወደደ ታሪክ ከልብ አይፋቅም። ሰው አድጎ፥ መጻሕፍትን መርምሮ፥ ብዙ አገር ዞሮ ሳለ፥ በልጅነቱ በሥዕል ያየው ጀግና ድንገት ሕያው ሆኖ በፊቱ ቢቆም፥ እንደ ገና ልጅ ይሆንና ልቡ ይመታል። ነገር ግን የቆመው ያው የጥንቱ ወዳጁ መሆኑን ለማወቅ፥ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ነገሩንም ሊመረምር ይገባዋል። ልብስ ተውሶ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነውና። ይህ ነገር በኢትዮጵያ ተመልካቾች ላይ ከደረሰባቸው ታሪኮች ሁሉ ዋናው የንግሥተ ዓዜብ ታሪክ ነው፤ አስቀድሞ በሥዕል ተወደደ፥ ኋላም በሲኒማ ታየ።

ከወሎ ደጋ ወደ አፋር ቈላ በሚወረድበት አፋፍ ላይ ባቲ የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ ከሚሴ ዋና ከተማው በሆነው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትቈጠራለች። ሰኞ በዋለ ቍጥር ኦሮሞው፥ አፋሩ፥ አማራውና አርጎባው በገበያዋ ይገናኛል። በዚህች ከተማ ላደገ ልጅ ግመል የተረት እንስሳ አይደለም፤ ሲንበረከክ፥ ሲጫን፥ ጭነቱ ሲከብደው ሲጮኽ በዓይኑ ያየዋል። ስለዚህ ንግሥቲቱ ግመሎቿን ጭና ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች ተብሎ ሲነገረው፥ ነገሩ አይርቅበትም፤ የሰኞ ገበያ ተነሥቶ ሲጓዝ ያየ ይመስለዋል።

ደግሞም የባቲ ልጆች አንዲቱን ንግሥት በሁለት ስም ያውቋታል። የክርስቲያኑ ልጅ ማክዳ ይላታል፤ የሙስሊሙ ልጅ ቢልቂስ ይላታል። በአንዱ ዘንድ የሰሎሞንን ዝና ታምሪን የሚባል ነጋዴ ያመጣላታል፤ በሌላው ዘንድ ሁድሁድ የምትባለው ወፍ የንጉሡን ደብዳቤ ታደርስላታለች። ሁለቱ ልጆች በስሙና በመልእክተኛው ይለያያሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ንግሥቲቱ አስተዋይ ነበረች፥ ሰምታ መካሪዎቿን የምታማክር፥ መርምራም የምትቀበል ነበረች ማለት ነው። ከአንድ የውሃ ጕድጓድ የሚቀዱ ጎረቤቶች በዚህች ሴት ላይ ጠብ የላቸውም።

የክርስቲያኑ ልጅ ታሪኩን አስቀድሞ የሚያገኘው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከሥዕሉ ነው። በሀያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የንግሥተ ዓዜብን ታሪክ በጨርቅ ላይ በተርታ ይሥሉ ጀመር። ጨርቁ እንደ ገበጣ በትንንሽ ሣጥን ይከፈላል፤ ሣጥኑ ብዙ ጊዜ 44 ይደርሳል። ከላይ ከግራ ተጀምሮ፥ እንደ ጽሕፈት ወደ ቀኝ እየተነበበ፥ መሥመር በመሥመር ይወርዳል። በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አጭር የአማርኛ ቃል ይጻፋል። መጀመሪያ ሕዝቡ ለዘንዶው ሲገብር፥ ቀጥሎ ዘንዶው ሲገደል፥ ከዚያ ንግሥቲቱ ስትነግሥ፥ ነጋዴው ሲመጣ፥ ግመሎቹ ሲጫኑ ይታያል፤ በመጨረሻም ምኒልክ ታቦተ ጽዮንን ይዞ ወደ አክሱም ይገባል። በውጭ አገር ኮሚክ የሚባለው፥ ልጆች የሚሻሙበት ባለ ሥዕል መጽሐፍ፥ ያለው አሠራር ሁሉ በዚህ ጨርቅ ላይ ይገኛል።

ለሥዕሉም ሕግ አለው። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ፥ ሁለት ዓይኖቹ የሚታዩ ሆኖ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ይታያል። ፊደል ያልቈጠረ ሕፃን እንኳ ይህን ሕግ ስለሚያውቅ፥ በማን ደስ እንዲለው፥ ማንን እንዲፈራ ማንም ሳይነግረው ይለያል። በአንዱና በሁለተኛው ሣጥን መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ ደግሞ የሚሞላው ተራኪው ነው። አባት፥ አያት ወይም የኔታ ጣቱን በሥዕሉ ላይ አኑሮ፥ ሠዓሊው ያልሣለውን ከመጽሐፍ ያወጣና ይነግራል። ልጁም «ከዚያስ?» እያለ ይጠይቃል። እንግዲህ የሥዕሉ ውበት በቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ለጠያቂና ለመላሽ ስፍራ በመተዉም ነው።

ይህን ሥዕል የወደደ ሰው ሲኒማውን ከመውቀሱ በፊት ግን አንድ እውነት ሊያምን ይገባዋል። ሥዕሉ ራሱ መጽሐፉን እንዳለ አልገለበጠም። ዘንዶው በክብረ ነገሥት የለም፤ ከሕዝብ ትረካ የገባ ነው። የንግሥቲቱ እግር በዘንዶው ደም ተበላሽቶ በኢየሩሳሌም ተፈወሰ የሚለውም እንዲሁ ከአክሱምና ከትግራይ አፈ ታሪክ የመጣ ነው። ክብረ ነገሥትም ቢሆን፥ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መመለሱን በመጨረሻው ላይ ይናገራል፤ ሥራውም በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከነበረው ከአክሱሙ ይስሐቅ ስም ጋር ተያይዞ ይገኛል። መጽሐፈ ነገሥት በጥቂት ቍጥር የጠቀለለውን ጕዞ፥ ክብረ ነገሥት በብዙ ምዕራፍ ዘረጋው፤ ሠዓሊው ደግሞ ያንን በ44 ሣጥን ሰበሰበው። ስለዚህ ታሪክ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገለበጥ መለወጡ ብቻውን ኀጢአት ሆኖ ሊቈጠርበት አይገባም።

ታዲያ ፍርዱ በምን ይሁን? በቅኔ ቤት የታወቀው መለኪያ ለዚህም ይበቃል። አንጥረኛ አስቀድሞ በሰም ቅርጽ ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት ሲያቀልጠው ሰሙ ይወጣና በስፍራው ወርቅ ይፈስሳል። ባለ ቅኔም በሚሰማው ቃል ውስጥ የሚሰወረውን ምሥጢር እንዲሁ ያፈስሳል። ሰሙ እንደ ባለሙያው ፈቃድ ይለወጥ፤ ወርቁ ከጠፋ ግን የቀረው ባዶ ጭቃ ነው። ሠዓሊው ዘንዶውን ሲጨምር ሰም ጨመረ፤ ወርቁን አልነካም። አሁን የሚጠየቀው ሲኒማው ምን እንዳደረገ ነው።

የንግሥተ ዓዜብን ታሪክ ሲኒማ ሠሪዎች ደጋግመው ሞክረውታል። በ1921 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ፎክስ ኩባንያ ድምፅ በሌለው ፊልም ሠራው፤ ከዚያ ፊልም ዛሬ ከጥቂት ቍራጭ በቀር አልተረፈም። በ1952 (እ.ኤ.አ.) ኢጣልያዊው ፒዬትሮ ፍራንቺሺ ሌላ ሠራ። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የወጣው ግን በ1959 (እ.ኤ.አ.) የታየው፥ ኪንግ ቪዶር ያዘጋጀው «ሰሎሞንና ሳባ» የተባለው ነው። ሥራው የተከናወነው በእስፓንያ ምድር ነበር። ሰሎሞንን ሆኖ ሲሠራ የነበረው ታይሮን ፓወር በኅዳር ወር 1958 (እ.ኤ.አ.) የሰይፍ ግጥሚያ ሲጫወት ልቡ ታምሞ ሞተ፤ በስፍራው ዩል ብሪነር ገባ። ንግሥቲቱን የሆነችው ኢጣልያዊቱ ጂና ሎሎብሪጂዳ ናት።

የፊልሙ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም የምትመጣው ከግብጹ ፈርዖን ጋር ተማክራ፥ ሰሎሞንን በውበቷ አጥምዳ መንግሥቱን ልታፈርስ ነው። የንጉሡ ወንድም አዶንያስም ዘውዱን ይመኛል። ንግሥቲቱ ለጣዖቷ በዘፈን የተመላ በዓል ታደርጋለች፤ መብረቅ ቤተ መቅደሱን ይመታል፤ ሕዝቡም ከንጉሡ ይርቃል። በመጨረሻ ግን አጥማጂቱ ራሷ በፍቅር ትጠመዳለች፤ በድንጋይ ተወግራ ከወደቀች በኋላ በጸሎት ትድናለች፤ አምላከ እስራኤልን አምና፥ ፅንስ ይዛ ወደ አገሯ ትመለሳለች።

በጎውን አለመናገር ግፍ ይሆናል። እስራኤላውያን ጋሻቸውን ወልውለው የፀሓይን ብርሃን በግብጻውያን ዓይን ላይ ሲመልሱት፥ ሠረገለኛውም ታውሮ ወደ ገደል ሲገባ፥ ተመልካች ትንፋሹን ይይዛል። እንዲህ ያለውን ነገር የቆመ ሥዕል ሊያሳይ አይችልም። በጨርቁ ላይ ግመሉ አንድ እግሩን አንሥቶ ለዘላለም ይቆማል፤ በሲኒማው ግን ይሄዳል፥ አቧራውም ይነሣል። በልጅነቱ «ግመሉ መቼ ይሄዳል?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ምላሹን ያገኘ ይመስለዋል።

ከዚህ በኋላ ነቀፋው ይመጣል። የከተማ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው የመልክን ነገር ነው፤ የኢትዮጵያ ንግሥት ስለ ምን የኢጣልያ ፊት ተሰጣት ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባው ሠዓሊ ሰሎሞንን ሲሥል ያለበሰው የኢትዮጵያን ንጉሥ ካባና ዘውድ እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም። እያንዳንዱ ሕዝብ የሚወደውን በራሱ መልክ ይሥላል። ደግሞም በ1995 (እ.ኤ.አ.) ለቴሌቪዥን በተሠራ ሌላ ፊልም ጥቁሯ አሜሪካዊት ሃሌ ቤሪ ንግሥቲቱን ሆና ታይታለች። እንግዲህ የመልኩ ጕድለት ሊታረም የሚችል ነው፤ የመልክ ነገር የሰም ነገር ነውና። በ1959ኙ ፊልም የሚያሳዝነው ጕድለት ከዚህ ጠልቆ ይገኛል። ንግሥቲቱ ከአገሯ የተነሣችበት ምክንያት ተለውጧል።

በክብረ ነገሥት የነገሩ ሁሉ መነሻ ነጋዴ ነው። ታምሪን 520 ግመልና 73 መርከብ ያለው ባለጠጋ ነበር። ለቤተ መቅደሱ ሥራ የሚሆን ዕቃ ወደ ሰሎሞን ይዞ ሄደ፤ በዚያም ንጉሡ እንዴት እንደሚፈርድ፥ እንዴት በለዘብታ እንደሚናገር፥ ሠራተኛውን እንዴት እንደሚያስተምር አየ። በተመለሰ ጊዜ ለንግሥቲቱ ማለዳ ማለዳ ነገራት። እርስዋም የሰማችውን በልቧ እያኖረች ብዙ አሰበች፤ የመንገዱ ርቀት አስፈራት፤ የጥበብ ፍቅር ግን ፍርሃቱን አሸነፈው። ከዚያ በኋላ 797 ግመል አስጭና ተነሣች። የባቲ ነጋዴ ይህን ቍጥር ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ጸሓፊው ግመል ምን እንደ ሆነ፥ ጭነትም ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ይገባዋልና። ወሬ ከዕቃ ጋር አብሮ እንደሚጫን፥ ከቈላ የመጣ ሰው ጨው ብቻ ሳይሆን ነገርም ይዞ እንደሚመጣ፥ ገበያ ያለበት ከተማ ሁሉ ያውቀዋል።

ፊልሙ ለታምሪን ይህን ስፍራ አልሰጠውም፤ ታምሪን ሲወጣ ደግሞ የጥበብ ፍቅር አብራው ወጣች። በስፍራው የገባው የፈርዖን ምክር ነው። ልትሰማ የሄደችው ልታጠምድ ሄደች ተባለ፤ ልትጠይቅ የሄደችው ልታፈርስ ሄደች ተባለ። ጌታችን በወንጌል፥ የሰሎሞንን ጥበብ ለመስማት ከምድር ዳርቻ የመጣችውን ይህችን ንግሥት ሳይሰሙ ለቀሩት መፋረጃ አድርጎ አቁሟታል። መፋረጃ ያደረጋት አመጣጧ ነው። አመጣጧ ከተለወጠ ምስክርነቷ ፈረሰ። የሀገራችንን ሠዓሊዎች ሕግ አጽንቶ ይህን ፊልም በጨርቅ ላይ ልሣል የሚል ቢኖር፥ ንግሥቲቱን በግማሹ ሣጥን በአንድ ዓይን፥ በግማሹ ሣጥን በሁለት ዓይን ሊሥላት ይገደድ ነበር። የባቲ ሕፃን ግን ከመጀመሪያው ሣጥን እስከ መጨረሻው በሁለት ዓይኗ ስታየው ነው የሚያውቃት።

ፊልሙ በመጨረሻ ወደ እግዚአብሔር መለሳት፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን የተመለሰችበት መንገድ ሌላ ነው። በፊልሙ አስቀድሞ ሰውን ትወዳለች፥ ኋላ አምላኩን ታምናለች። በመጽሐፉ ግን እንዲህ አይደለም። በዚያ አንድ የቀን ሠራተኛ አለ። ልብሱ ተቀዷል፤ በራሱ ድንጋይ፥ በአንገቱ የውሃ አቍማዳ ተሸክሟል፤ ምሳውንና ጫማውን በወገቡ ታጥቋል፤ በእጁ እንጨት ይዟል፤ ላቡ ከፊቱ ይንጠባጠባል። ሰሎሞን ይህን ሰው ጠርቶ በንግሥቲቱ ፊት አቆመው፤ ከዚህ ሰው እኔ በምን እበልጣለሁ፥ ሁለታችንም አፈር አይደለንምን የሚል ትምህርት አስተማራት። የወርቅ ዙፋን አይታ ያልተንበረከከች ንግሥት በዚህ ትምህርት ተረታች፤ ወዲያው ለማን ልስገድ ብላ ጠየቀች፤ ፀሓይን ማምለክ ትታ የፀሓይን ፈጣሪ ማምለክን መረጠች። በዓለም ላይ ባለ ብዙ ወርቅ የሆነ ሲኒማ የዙፋኑን ወርቅ አብዝቶ አሳየ፤ ይህን ተሸካሚ ግን ረሳው። በባቲ ገበያ ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ሞልቷል፤ ያንን ሰው እያየ ያደገ ልጅ፥ አያቱ የሰሎሞንን ተሸካሚ በነገሩት ጊዜ፥ ንጉሥና ኩሊ በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ በልቡ አይቷል። የታሪኩ ወርቅ ይህ ነው።

የውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። ንጉሡ ቅመም የበዛበት ግብር አበላት፤ እርስዋ በግድ እንዳይደርስባት አስማለችው፤ እርሱም ከቤቱ አንዳች በግድ እንዳትወስድ አስማላት። ሌሊት ውሃ ጠማት፤ ውሃውንም ስትጠጣ መሐላዋ ፈረሰ። ክብረ ነገሥት የንጉሡን ብልሃት አልሸሸገም፤ ጠቢብም ቢሆን ሰው መሆኑን ገለጠ። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው በዚህ ስፍራ «ጥም» የሚለው ቃል ኅብር ሆኖ ይቆማል፤ ጥበብን ተጠምታ ባሕርና በረሃ ያቋረጠች ሴት በአንድ ጽዋ ውሃ ጥም ተያዘች። ይህን ያህል የጠለቀ ነገር ተቀምጦ ሳለ፥ ፊልሙ መሐላውንም ጽዋውንም ትቶ ዘፈኑን ወሰደ። ከውሃው ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጦ በጥም መሞት እንዲህ ያለውን ይመስላል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት መጀመሪያ በተከፈተ ጊዜ፥ ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎት ነበር። ያ ስም ፍርሃትን ይገልጥ ነበር እንጂ ምርመራን አልነበረም። ዛሬ ሲኒማው በየሰው ኪስ ውስጥ በስልክ ገብቶ ሳለ፥ ደጅ ዘግቶ መቀመጥ አይረዳም። ደግሞም ወቀሳውን ሁሉ በባዕድ ሠሪ ላይ መጫን አይገባም። እርሱ በቤቱ ያለውን ሰም አቀለጠ፤ ወርቁን የያዘው ወገን ግን ዝም ብሏል። ሥዕሉ ለአገር ጐብኚ የሚሸጥ ዕቃ ሆኖ ከግድግዳው ወረደ፤ ከሥዕሉ ጋርም በጣቱ እያመለከተ የሚተርከው አያት ዝም አለ። ተራኪ የሌለበት ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ያምናል። ነገ የባቲ ልጅ ማክዳ ማን ናት፥ ቢልቂስ ማን ናት ተብሎ ቢጠየቅ፥ የፈርዖን ሰላይ ናት ቢል፥ ፍርዱ በልጁ ላይ ነውን?

ታሪኩን በሀገር ሰው እጅ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሊሠራ የሚነሣ ባለሙያ ቢገኝ፥ ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከገበያ ይጀምር። እንደ ባቲ ባለ ገበያ ግመል ይንበረከክ፤ ነጋዴው ይውረድ፤ ንግሥቲቱም ተቀምጣ ትስማው። ተሸካሚውን አይርሳ፤ ጽዋውን አያፍስስ። ሌላውን ሁሉ እንደ ሙያው ይለውጥ፤ ዘንዶ ቢጨምርም ማንም አይከለክለው። ይህ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ፊልሙን ያየ አባት ልጁን ከሥዕሉ ፊት አቁሞ፥ ይህን ሲኒማው አልነገረህም እያለ ባዶውን ስፍራ ይሙላ። እንዲህ ከሆነ ፊልሙ ራሱ የጥያቄ መነሻ ይሆናል፤ ጥያቄም የዚህች ንግሥት ሥራ ነበር።

ወሎ ለዚህ ነገር ምስክር አላት። በ1868 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዷቸው መጻሕፍት መካከል ክብረ ነገሥት ነበረበት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 (እ.ኤ.አ.) ወደ ለንደን ጽፈው መጽሐፉ እንዲመለስ ጠየቁ፤ ተመለሰላቸውም። የተወሰደ ብራና በደብዳቤ ይመለሳል። በሌላ ሰው አፍ ተለውጦ የተወሰደ ታሪክ ግን በደብዳቤ አይመለስም፤ የሚመለሰው ባለቤቱ ቀና ብሎ፥ ልጁን አስቀምጦ፥ ከመጀመሪያው ሣጥን ጀምሮ ሲተርከው ብቻ ነው።